ኮልት 1911፦ የአንድ አንጋፋ ሽጉጥ ብርታትና ጉድለት በሚዛን

ከመቶ ዓመት በፊት ተነድፈው ዛሬም ከፋብሪካ ያልወጡ የእጅ መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህም መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ የሆነው መሣሪያ ነው። የጦሩ መዝገብ «ኤም 1911» ይለዋል፤ ብዙ ሰው ግን በመጀመሪያው አምራች ኩባንያ ስም «ኮልት» ብሎ ያውቀዋል። ይህ ስም በአማርኛም የቆየ ነው። በፖሊስ ዘገባና በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ «ኮልት ሽጉጥ» የሚለውን አጠራር ያላነበበ አንባቢ ጥቂት ነው።

ሽጉጡ በሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ በኮሪያና በቬትናም ከአሜሪካ ወታደር ወገብ አልተለየም። ወዳጆቹ ከእርሱ የተሻለ አልተሠራም ይላሉ፤ ተቺዎቹ ደግሞ ዘመኑ ያለፈበት፣ ከባድና ለጀማሪ አደገኛ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ምክንያቱም በዚህ ሽጉጥ ላይ ብርታቱና ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከአንድና ከዚያው ክፍል ነው።

ሁለት ስሞች፣ ሁለት ጥያቄዎች

በአረብኛ ሽጉጥ «ሙሰደስ» ይባላል። ቃሉ ከስድስት ቁጥር ሥር የወጣ ሲሆን «ባለ ስድስት» እንደ ማለት ነው፤ ሥሩም ከግዕዙና ከአማርኛው «ስድስት» ጋር ዘመድ ነው። መጠሪያው ስድስት ጥይት በሚጎርሰው፣ ካዝናው በሚሽከረከረው የድሮ ሪቮልቨር የተነሣ የተሰጠ ነው። አማርኛው በአንጻሩ ቃሉን የወሰደው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሽጉጥ ማለት በመቀነት ወይም በወገብ የሚሸጎጥ ማለት ነው።

አረብኛው ጥይቱን ይቆጥራል፤ አማርኛው አያያዙን ይመለከታል። ማንኛውም የጎን መሣሪያ ሲመዘንም ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ ዋነኞቹ እነዚሁ ናቸው፦ ስንት ጥይት ይይዛል? በሰው ወገብ ሲሸጎጥስ ለባለቤቱ ምን ያህል የታመነ ነው? ኮልት 1911 ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጣቸው መልሶች በተወለደበት ዘመን ልክ የተሰጡ ናቸው።

ሽጉጡ የተወለደበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ደሴቶች ውጊያ ላይ ነበር። ወታደሮቹ የታጠቁት ነጥብ 38 የሚባለው ሪቮልቨር፣ በተለይ ከደቡቡ ሞሮ ተዋጊዎች ጋር በጨበጣ ሲገጥሙ፣ እየሮጠ የሚመጣን ሰው አያቆምም የሚል ብርቱ ቅሬታ አስከተለ። ጦሩም ከመጋዘን የቆዩ፣ ሰፋ ያለ ጥይት የሚተኩሱ ነጥብ 45 ሪቮልቨሮችን አውጥቶ ለማደል ተገደደ።

እ.ኤ.አ. በ1904 የጦር መኮንኑ ጆን ቶምሰንና የጦር ሐኪሙ ሉዊስ ላጋርድ በቁም ከብቶችና በሰው አስከሬን ላይ ሙከራ አድርገው፣ አዲሱ የጦር ሽጉጥ ጥይቱ ከ11.43 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ አሳሰቡ። የሙከራው ዘዴ በኋላ ዘመን ብዙ ትችት ቢደርስበትም፣ በጊዜው ግን ውሳኔውን የወሰነው እርሱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ልዩ ልዩ አምራቾች ለዓመታት ተወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 በተደረገው የመጨረሻ ፈተና የብራውኒንግ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ያለ አንዳች መሰናክል ተኮሰ። የሳቬጅ ኩባንያ ያቀረበው ተፎካካሪ ግን በተደጋጋሚ ተስተጓጎለ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን የብራውኒንግ ንድፍ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ጸደቀ።

አሠራሩ

የሽጉጡ ርዝመት 21.6 ሳንቲ ሜትር፣ የአፈሙዙ ርዝመት 12.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ በመሆኑ ጥይት ሳይጎርስ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በእጀታው ውስጥ የሚገባው ካዝና ሰባት ጥይት በአንድ ረድፍ ይይዛል።

ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙና በላዩ ያለው ተንሸራታች ብረት ተቆላልፈው በአንድነት ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚህች ቅጽበት ጥይቱ ወጥቶ የባሩዱ ግፊት ይበርዳል። ወዲያው ከአፈሙዙ ሥር ያለች ትንሽ ማያያዣ የአፈሙዙን የኋላ ክፍል ወደ ታች ትስበዋለች፤ ቁልፉም ይፈታል። ተንሸራታቹ ብቻውን ወደ ኋላ እየሄደ ቀለሃውን ጎትቶ ይወረውራል፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ያቀናል፤ ከዚያም ሞላው ወደ ፊት ሲገፋው አዲስ ጥይት ከካዝናው ነጥቆ ያጎርሳል። ተኳሹ እንደገና ለመተኮስ ቃታውን ከመሳብ በቀር የሚጠበቅበት ነገር የለም።

ደኅንነቱን የሚጠብቁ ሁለት መቆለፊያዎች አሉት። አንደኛው በእጀታው ጀርባ ያለውና እጅ በሚገባ ካልጨበጠው ቃታው እንዳይሳብ የሚከለክለው ነው። ሁለተኛው በአውራ ጣት ወደ ላይ ተገፍቶ የሚቆለፍ፣ ወደ ታች ተጭኖ የሚከፈት ነው። ይህ ሁለተኛው በብራውኒንግ የቀድሞ ናሙና ላይ አልነበረም፤ የተጨመረው በፈረሰኛው ጦር ጥያቄ ነው። አንድ እጁ ልጓም የያዘ ፈረሰኛ፣ የጎረሰና የተቀባበለ ሽጉጥ በእጁ እያለ ፈረሱ ቢደናበርበት መሣሪያውን በአንድ እጁ ቆልፎ ወደ ማኅደሩ መመለስ ያስፈልገው ነበር።

ብርታቶቹ

የመጀመሪያው ብርታት ቃታው ነው። በብዙ ሽጉጦች ላይ ቃታ በአንድ ዘንግ ዙሪያ እየታጠፈ ይሳባል፤ በዚህኛው ላይ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፦ አስቀድሞ የተቀባበለውን መዶሻ መልቀቅ። ስለዚህ መንገዱ አጭር፣ ክብደቱ ቀላል፣ ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ድረስም አንድ ዓይነት ነው። ሽጉጥ ተኳሽ ዒላማውን ከሚስትባቸው ምክንያቶች አንዱ ቃታ ሲስብ እጁ ስለሚናወጥ ነው። የዒላማ ተኩስ ተወዳዳሪዎች እስከ ዛሬ ይህን ንድፍ ያልተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመቆላለፍ ሥርዓቱ ነው። አፈሙዙ ዘንበል ብሎ የሚፈታበት ይህ የብራውኒንግ ዘዴ ኃይለኛ ጥይትን በትንሽ መሣሪያ ውስጥ በደኅና ለመተኮስ አስችሏል። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት ወታደራዊ ሽጉጦች አብዛኞቹ ይህንኑ መሠረተ ሐሳብ በተሻሻለ መልክ ይጠቀማሉ። የኦስትሪያው ግሎክና በአቡ ዳቢ የሚመረተው ካራካልም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሦስተኛው ጽናቱና ለጥገና ምቹነቱ ነው። ሽጉጡ በጦር ሜዳ ካቻቪቴም ሆነ ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልገው ለጽዳት ይፈታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬሚንግተን ራንድ የተባለው የጽሕፈት መኪና አምራች ከ800 ሺህ በላይ ሽጉጦችን ሠርቷል። በእኛ አገር በልብስ ስፌት መኪናው የሚታወቀው ሲንጀር እንኳ 500 ሽጉጦችን አምርቶ ለጦሩ አስረክቧል፤ እነዚህም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ውድ ናቸው። የልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ክፍሎች እርስ በርስ እንዲገጣጠሙ ስለታሰበባቸው፣ ጦሩ እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላ አዲስ ሳያዝ የቆዩትን እያደሰ ለ40 ዓመታት ያህል ተጠቅሞባቸዋል።

አራተኛው ቅጥነቱ ነው። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩ እጀታው ጠፍጣፋ ነው። ትንሽ እጅ ያለውም ሰው በሚገባ ይጨብጠዋል፤ ከልብስ ሥር ሲሸጎጥም አያብጥም።

ጉድለቶቹ

ከዚሁ ቅጥነት የመጀመሪያው ጉድለት ይመነጫል። ካዝናው የሚይዘው ሰባት ጥይት ነው፤ አስቀድሞ ከጎረሰው ጋር ስምንት ይሆናል። ባለ ስድስቱ ሪቮልቨር በነገሠበት ዘመን ይህ ዕድገት ነበር፤ ለመሙላትም ባዶውን ካዝና አውጥቶ ሙሉውን መክተት ብቻ ስለሚበቃ ከሪቮልቨሩ እጅግ ይፈጥናል። ከ15 እስከ 17 ጥይት በሚይዙ ሽጉጦች ዘመን ግን ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነው ብረት ጥይቱ ሲተኮስ የሚፈጠረውን ግፊት በከፊል ስለሚውጥ ለተኳሹ እፎይታ ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በወገቡ ይዞት ለሚውል ዘብ ወይም ፖሊስ ያው ክብደት ሸክም ነው። ግፊቱም ቢሆን ፈጽሞ አይጠፋም፤ 15 ግራም ገደማ የሚመዝነው ጥይት ለጀማሪ እጅ ብርቱ ነው።

ስለዚህ ከባድ ጥይት አንድ ነገር ማከል ይገባል። ነጥብ 45 «አንድ ጊዜ ከመታ ያበቃል» የሚለው ዝና ለዘመናት ተነግሯል። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ የሕክምናና የቴክኒክ ጥናቶች የሚያሳዩት፣ በጦር ሽጉጦች መካከል ወሳኙ ጥይቱ የት እንዳረፈና ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ እንጂ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ልዩነት አለመሆኑን ነው። እንዲያውም ግፊቱ ቀለል ያለ ሽጉጥ የያዘ ሰው ሁለተኛውን ጥይት ፈጥኖና አነጣጥሮ መተኮስ ይችላል።

ሦስተኛውና እጅግ አከራካሪው ጉድለት የአያያዙ ጉዳይ ነው። ቃታው መዶሻውን ከመልቀቅ ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ ሽጉጡ በቅጽበት እንዲተኩስ ከተፈለገ ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ወደ ኋላ ተቀባብሎ፣ መቆለፊያው ተዘግቶ መያዝ አለበት። ይህ ለሠለጠነ ሰው ፈጣንና አስተማማኝ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ግን ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ በጭንቅ ጊዜ መቆለፊያውን መክፈት ይረሳል፣ ወይም ሳይቆልፍ ይሸጉጠዋል። የአሜሪካ ጦር ራሱ ይህን ስለሚያውቅ፣ ውጊያ ካልቀረበ በስተቀር ወታደሩ ጥይት ሳያጎርስ በማኅደሩ እንዲይዘው ያዝ ነበር። ይህም ደኅንነትን ሲጠብቅ ፍጥነትን ይቀንሳል፤ ሽጉጡን አውጥቶ ለማቀባበል ሁለት እጅ ያስፈልጋልና።

አራተኛው በመውደቅ የሚመጣ አደጋ ነው። ጥይቱን የምትመታውን መርፌ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የሚይዛት ትንሽ ሞላ ብቻ ነው። ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ ሳለ በአፈሙዙ በኩል ጠንካራ መሬት ላይ ቢወድቅ፣ መርፌዋ በራሷ ክብደት ወደ ፊት ተወርውራ ጥይቱን ልታስነሣ ትችላለች። ሁለቱ መቆለፊያዎች ቢዘጉም ይህን አይከለክሉም። ኮልት ኩባንያ ቃታው እስኪሳብ ድረስ መርፌዋን የሚያግድ ክፍል በመደበኛነት የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ያም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ የተጨመሩት ክፍሎች የቃታውን ልስላሴ ቀነሱት የሚሉ ተኳሾች አሉ።

ከእነዚህ ሌላ ትናንሽ የሚመስሉ ግን በየቀኑ የሚሰሙ ጉድለቶች ነበሩት። የአውራ ጣት መቆለፊያው የተሠራው ለቀኝ እጅ ብቻ ነው፤ ግራኝ ተኳሽ ይቸገራል። የቀድሞው ማነጣጠሪያ ቀጭንና ለዓይን ደካማ ነበር። መዶሻው ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይቆነጥጥ ነበር። ጦሩ በ1920ዎቹ ባወጣው የተሻሻለ ዓይነት የእጀታውን ጀርባ አራዘመ፣ ቃታውን አሳጠረ፣ ማነጣጠሪያውንም አጎላ። በመጨረሻም፣ ሽጉጡ ከጠንካራ ብረት በማሽን እየተፋቀ የሚሠራ ብዙ ክፍል ስላለው ለማምረት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ቀለሃ ጎታቹን የመሰሉ ክፍሎችም በባለሙያ እጅ ተስተካክለው ካልተገጠሙ ይስተጓጎላሉ።

ከተከታዮቹ ጋር ሲነጻጸር

የንድፉን ጉድለት ለማረም ከተነሡት ቀዳሚው ብራውኒንግ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በቤልጅየም ሊዬዥ አቅራቢያ ኤርስታል በሥራ ላይ ሳለ ሲሞት አዲስ ሽጉጥ በመንደፍ ላይ ነበር። ቤልጅየማዊው ዲዩዶኔ ሴቭ ሥራውን ፈጽሞ እ.ኤ.አ. በ1935 «ሃይ ፓወር» የተባለው ሽጉጥ ወጣ። ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው 13 ሆኑ፤ አፈሙዙን የምትስበው ማያያዣ ቀርታ በአንድ ጠንካራ ጥርስ ተተካች። በብዙ የአረብ አገሮች ጦር ዘንድም የታወቀው ይህኛው ነው። ሆኖም ቃታው እንደ ቀዳሚው የተቀባበለ መዶሻ ብቻ የሚለቅ ስለሆነ የአያያዙ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለችው ማካሮቭ ሌላ መንገድ መረጠ። ጥይቱ ቀለል ያለ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ክብደቱም 730 ግራም ገደማ ነው፤ የያዘው ጥይት ስምንት ብቻ ነው። ዋናው ልዩነት መዶሻው ወርዶ ሳለ ቃታውን ጠንከር አድርጎ በመሳብ ብቻ የመጀመሪያውን ጥይት መተኮስ መቻሉ ነው።

ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም ወገኖች በታሪካቸው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋግቷል፤ የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥም ኮልት 1911 ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የጦር ዕርዳታ ተቋርጦ የሶቪየት መሣሪያ ሲገባ ደግሞ ማካሮቭ ከባለሥልጣንና ከመኮንን ወገብ ላይ ታየ።

አሜሪካም ራሷ እ.ኤ.አ. በ1985 ኮልትን በጣሊያኑ ቤሬታ ተካች። አዲሱ ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 15 ጥይት ሲሆን፣ ጥይቱም ከሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው ግሎክ ደግሞ አካሉን ከፕላስቲክ ሠርቶ ክብደቱን ባዶውን ወደ 630 ግራም ገደማ አወረደ፤ 17 ጥይት ያዘ፤ በጣት የሚከፈተውንም መቆለፊያ አስቀርቶ ቃታው ሲሳብ በሚከፈቱ የውስጥ መቆለፊያዎች ተካው።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ብርታትና ጉድለት በቁጥር ደምሮና ቀንሶ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ቀላሉ ቃታ ለአነጣጣሪ በረከት ነው፤ መቆለፊያውን የግድ ያደረገውም እርሱ ነው። ቀጭኑ እጀታ ለእጅ ይመቻል፤ ጥይቱን ሰባት ላይ ያቆመውም እርሱ ነው። ከባዱ ብረት ግፊቱን ይውጣል፤ ወገብንም ያደክማል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ስለዚህ ፍርዱ የሚወሰነው በያዡ ነው። ዘወትር ለሚለማመድ፣ መቆለፊያውን መክፈትና መዝጋት እንደ መተንፈስ ለለመደው ተኳሽ ሽጉጡ ከመቶ ዓመት በኋላም ተወዳዳሪ ነው። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ልዩ አሃዶች እ.ኤ.አ. በ2012 የዚህኑ ንድፍ ዘመናዊ ዓይነት ማዘዛቸው ለዚህ ምስክር ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚተኩስ፣ ብዙ ሠራዊት በአጭር ጊዜ ለማሠልጠን ለተገደደ ጦርና ፖሊስ ግን የኋለኞቹ ንድፎች ይሻላሉ። እነዚህ የደኅንነቱን ጥበቃ ከሰው ትዝታ አንሥተው በብዛት ወደ መሣሪያው ውስጥ አስገብተውታል። ኮልት 1911 ግን ያንን ኃላፊነት የተወው ለሰው እጅ ነው።

ከአባት ስለ ተረፈ ሽጉጥ

ይህ ንጽጽር ለታሪክ ወዳድ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በኢትዮጵያ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ አሮጌ ሽጉጥ በሳጥን ውስጥ ወይም በልብስ መካከል ተጠቅልሎ ይገኛል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ አያያዙን ያውቅበት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ሽጉጡ ቤት ውስጥ ሲቀር ዕውቀቱ ግን አብሮ አይወረስም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ ካዝናው መውጣቱ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አንድ ጥይት በአፈሙዙ ውስጥ ጎርሶ ሊቀር ይችላል፤ በአሮጌው ኮልት ላይ ደግሞ ካዝናው ቢወጣም ያ ጥይት ይተኮሳል። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ንድፍ ከመውደቅ የሚጠብቅ ክፍል ስለሌለው፣ ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ የተቀመጠ የጎረሰ ሽጉጥ ማንም ሳይነካው አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ የማያውቅ ሰው ለመመርመር ብሎ ሊነካካው አይገባም፤ የሚበጀው በስፍራው ትቶ፣ ልጆችን አርቆ፣ የአካባቢውን ፖሊስ ማማከር ነው።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ማንኛውም የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ ሊያዝ አይችልም፤ ውርስ መሆኑም ከዚህ ግዴታ ነጻ አያደርግም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን ጥይት በጓዝ ውስጥ መገኘቱ ከባድ ተጠያቂነት ያስከትላል። ለዕረፍት አገር ቤት የሚሄድ ሠራተኛ የአባቱን ሣጥን በሚከፍትበት ጊዜ፣ ለመታሰቢያ ብሎ አንዲት ጥይት ወይም ቀለሃ እንኳ በሻንጣው ይዞ እንዳይመለስ ይጠንቀቅ።